የክር ፋብሪካው ግራንድ ማስተር

ቷ! ቷ! ይል ነበር ቆርኪው። ከላፍቶ ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ክር ፋብሪካ፣ ከጥበቃው ቤት ጣሪያ ሥር፣ በቀለም የተሠመረ ጣውላ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ቆርኪያቸውን ሲያላትሙት ድምፁ እስከ ማጠንጠኛው ክፍል ይደርሳል። ማሽኑ እየጮኸ እንኳ ይሰማል የሚሉ ነበሩ፤ ይህ የዳማ ሰዎች ጉራ ነው። እውነቱ፣ ማሽኑ ለምሳ ሲቆም፣ ጆሮ ገና እንደ ደነቆረ ሳለ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ድምፅ ያ ነበር። ወጋየሁ ቸርነት በተቀጠረበት ቀን ከፋብሪካው የሰማው የመጀመሪያ የሰው ድምፅ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ወጋየሁ ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በወጣትነቱ፣ ጎፋ ሠፈር አክስቱ ዘንድ ተጠግቶ ማታ ማታ ለመማር ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ፋብሪካው ገባና በዚያው ቀረ። ሥራው ማጠንጠኛ ክፍል ነው። ክሩ ከትንሹ ማጠንጠኛ ወደ ትልቁ ሲዛወር ይበጠሳል፤ የተበጠሰውን ጫፍ ፈልጎ ማግኘት፣ መቋጠር፣ ትርፉን ቆርጦ ማሽኑን መልቀቅ፣ ወደሚቀጥለው መሄድ። ኋላ የክፍሉ አለቃ ሲሆንም አዲስ ገቢዎችን የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር። «ቋጠሮህን አሳንሰው» ይላቸዋል። «ትልቅ ቋጠሮ ከሠራህ ሸማኔው እናትህን ነው የሚረግማት።»

እንዲህ ያለ ሥራ ዓይንና ትዕግሥት እንጂ ምላስ አይጠይቅም። ለዚህም ይመስላል ዳማ ያልሆነለት። ዳማ ግማሹ አፍ ነው። ቆርኪ የበላ ሰው ካልፎከረ የበላ አይመስልም። ወጋየሁ ደግሞ የሰው ቆርኪ ሲበላ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ቼዝ ወደ ፋብሪካው የገባው በደርጉ ዘመን ነው። ኦዴሳ ተምሮ የተመለሰ አንድ መሐንዲስ የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቆ ሦስት ቦርድና ሁለት ፊት ያለው አንድ የሩሲያ ሰዓት አስገዛ። አሮጌው የከረጢት መጋዘን ተጠርጎ፣ አግዳሚ ወንበር ገብቶለት ክበብ ተባለ። መሐንዲሱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ቼዙ ግን ቀረ። ወጋየሁም ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ነገር ያገኘ መሰለው። ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይናገር፣ ሳይፎክር፣ ሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ! በዓመቱ በክበቡ የሚችለው ሰው ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት ግን ጉርሜሳ መጣ።

ጉርሜሳ ዋቅጅራ የፋብሪካው ሾፌር ነው። ኤንትሬ የሚሏትን የጭነት መኪና ይዞ ከአዋሽ ጥጥ ያመላልሳል። ተወልዶ ያደገው እዚያው አጠገብ፣ ፉሪ ነው። ቼዝን የተማረው ጥጡ እስኪራገፍለት ቆሞ ሰው ሲጫወት እያየ ነበር፤ በተማረ በወሩ ከወጋየሁ በቀር ሁሉንም ይረታ ጀመር። የሚጫወተውም እንደሚነዳው ነው። ያየው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ያስባል። አፉ ደግሞ አያርፍም።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ይህ ፈረስ ገብስ እስኪያቀርቡለት ነው የሚጠብቀው?»

«ዝም በል አንተ፤ እያሰብኩ ነው።»

«አስብ፣ አስብ። እኔ አዋሽ ደርሼ ልምጣ።»

ሰው ይስቃል። ወጋየሁም ይስቃል፤ ግን ከሳቀ በኋላ ምን ሲያስብ እንደ ነበር ይጠፋበታል።

«ግራንድ ማስተር» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የማኅበሩ የስፖርት ኃላፊ ዳኜ ነው። ዳኜ ቃሉን ከጋዜጣ የስፖርት ዓምድ ላይ አግኝቶት በጣም ወደደውና በግቢው ማን እንደሚገባው ሲያስብ ሰንብቶ ለሁለቱም ሰጠ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ቀልድነቱ ተረስቶ፣ የበሩ ጥበቃ እንኳ «ትልቁ ግራንድ ማስተር ገብቷል፣ ሾፌሩ ግራንድ ማስተር ገና ነው» ማለት ጀመረ።

ሁለቱ ጠላቶች አልነበሩም። ኤሌኒ፣ የወጋየሁ ባለቤት፣ የመጨረሻ ልጃቸው የሀና ምጥ የመጣባት ጊዜ ታክሲ ጠፍቶ ሆስፒታል ያደረሳት ጉርሜሳ ነው፤ በኤንትሬዋ፣ ከነጥጡ። ነገሩ ሌላ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ በግንቦት ወር የፈጣን ቼዝ ውድድር ያደርጋል፤ ለአንድ ሰው ሠላሳ ደቂቃ፣ በሰዓት፣ በዳኛ ፊት። ሁለቱ ለፍጻሜ አራት ጊዜ ተገናኝተው አራቱንም ጊዜ ያሸነፈው ጉርሜሳ ነው። በሻይ እረፍት ሲጫወቱ ወጋየሁ ብዙ ጊዜ ይረታዋል። ግን ይህን ሲያነሣበት ጉርሜሳ መልስ አያጣም።

«የሻይ ሰዓት ድል አይቆጠርም፣ ጋሼ። ብርጭቆው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።»

እንዲህ እየተባባሉ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ገባ። ወጋየሁ በዚያ ሰኔ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ጡረታ ይወጣል። የግንቦቱ ውድድር ለሠራተኞች ብቻ ስለሆነ ከዚያ በኋላ አይመዘገብም። ስለ ጡረታው ብዙም አልተጨነቀም፤ መካኒሳ የራሱ ቤት አለው፣ ልጆቹም አድገውለታል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር፤ ያንንም ለኤሌኒ ብቻ ነገራት።

«አንድ ጊዜ» አላት። «በሰዓት፣ በዳኛ ፊት፣ አንድ ጊዜ ላሸንፈው። ከዚያ ቦርዱን ለማንም ልስጥ።»

«አሁን ይህ ነው እንቅልፍ የነሣህ?»

«እንቅልፍስ አልነሣኝም።»

«ትናንት በእንቅልፍህ ቼክ! ስትል አድረሃል። ሀና የጠራሃት መስሏት ተነሥታ መጣች።»

በዚያ ዓመትም ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ሰውን ሁሉ ጥለው ለፍጻሜ ደረሱ።

ጨዋታው የተያዘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማሽኖቹ ስለቆሙ ግቢው ጭር ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ እንደ ለበሰ የመጣ ሰው፣ ከጸሎት ቤት መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ እንደያዘ የመጣ ሰው፣ ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው በኩል በእግሩ የመጣ ሰው፣ ሁሉም ክበቡ ውስጥ ተጨናንቋል። ወንበር ያላገኘው በመስኮት በኩል አንገቱን አስግጓል። መሀል ላይ ጠረጴዛው፣ ቦርዱ፣ ከጎኑ ባለ ሁለት ፊቱ ሰዓት።

ዳኛዋ ሸዋረገድ ናት። ሸዋረገድ የፋብሪካው ስልክ ኦፕሬተር ስትሆን፣ ዳኜ ለቼዝ ዳኝነት ሥልጠና ሰው ላክ ሲባል ወንዶቹ ሁሉ «እኔ ተጫዋች ነኝ» ስላሉ የሄደችው እሷ ነበረች። ጥርት ያለ ድምፅ አላት። ተነሥታ ቆመችና ሕጉን አሰማች።

«የነካ ያንቀሳቅሳል። ተጫዋች አያወራም። አቶ ጉርሜሳ፣ ይህን ለእርስዎ ደግሜ ልበለው?»

ሳቅ ሆነ። «ሰምቻለሁ» አለ ጉርሜሳ አፉን በእጁ ይዞ።

«ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። ደቂቃው ያለቀበት ሰው ባንዲራው ትወድቃለች።» በሰዓቱ በሁለቱም ፊት ላይ፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር አጠገብ የተንጠለጠሉትን ትናንሽ ቀይ ባንዲራዎች በእስክሪብቶዋ አመለከተች። «ባንዲራ ሲወድቅ እኔ አልናገርም። አይቶ ‹ወድቋል› ብሎ መጠየቅ ያለበት ተጋጣሚው ራሱ ነው፤ ከጠየቀ ያሸንፋል። ካልጠየቀ ጨዋታው ይቀጥላል። ሁለቱም ባንዲራዎች ከወደቁ እኩል ለእኩል ነው።»

«ተመልካች ቢናገርስ?» አለ ዳኜ።

«ተመልካች ቢናገር በዚያ በር ይወጣል። የስፖርት ኃላፊም ቢሆን።»

ነጩ ለወጋየሁ ደረሰው። ተጨባበጡ፤ ሸዋረገድ ሰዓቱን ለቀቀችው።

ጉርሜሳ እንደ ልማዱ እየተቻኮለ ጀመረ። ጠጠሩን ያነሣል፣ ያሳርፋል፣ የሰዓቱን ቁልፍ በመዳፉ ጧ ያደርገዋል።

«አቶ ጉርሜሳ፣ ሰዓቱ ምስማር አይደለም» አለች ሸዋረገድ።

አፉ ስለተዘጋ ይሁን ምን ይሁን፣ የዚያን ቀን ጉርሜሳ ጨዋታው እንደ ድሮው አልገጠመለትም። መናገር ሲያቅተው ዓይኑ ሥራ ፈቶ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል። በመሀል ንግሥቱን በንግሥት ለመለወጥ ተቻኮለ፤ ከተለዋወጡ በኋላ አንድ ወታደሩ ያለ ጠባቂ መቅረቱን አየ። ወጋየሁ ያንን ወታደር ለመብላት ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከበላው በኋላም ተቻኩሎ አልሮጠም፤ ክር እንደሚቋጥር ሰው አንዱን ጫፍ ይዞ ሌላውን እየፈለገ፣ ቀስ በቀስ፣ ጥግ ላይ ያለውን የራሱን ወታደር ወደ ፊት ይገፋው ጀመር።

ቦርዱ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ለሁለቱም አንዳንድ ግንብና ንጉሦቻቸው፣ ለወጋየሁ ደግሞ ያ የጥጉ ወታደር ቀሩ። ወታደሩ ሁለት እርምጃ ከሄደ ንግሥት ይሆናል። የጉርሜሳ ንጉሥ በሌላኛው የቦርድ ጫፍ ነበር፤ አይደርስም። ተራው የወጋየሁ ነው። ምን መጫወት እንዳለበት አይቶታል፤ ወታደሩን መግፋት ብቻ ነበር። ደጋግሞ አየው፣ ወጥመድ ፈለገበት፣ አላገኘበትም። በሕይወቱ እንዲህ ጥርት ብሎ የታየው ነገር ጥቂት ነው።

የቀረው ጊዜ ግን ትንሽ ነበር። በእሱ በኩል ያለው የሰዓቱ ረጅም ዘንግ ወደ አሥራ ሁለት ተጠግቶ ባንዲራዋን ከሥሯ ማንሣት ጀምሯል። ቢሆንም ለቀረው ጨዋታ ይበቃል። በጉርሜሳ በኩል ዘንጉ ገና ራቅ ብሎ ይታያል።

እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ።

የገቡት ጠይም ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ በትራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አቶ ዋቅጅራ ነበሩ፣ የጉርሜሳ አባት፣ ከፉሪ በእግራቸው የመጡ።

«ኖር!» አለ ቤቱ በሙሉ፤ ቤቱም በሙሉ ብድግ አለ።

ወጋየሁ ወታደሩን ገፍቶ፣ ሰዓቱን ተጭኖ መነሣት ይችል ነበር። ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በበር ሲገባ ማን ቁጭ ብሎ ያስባል? እግር ራሱ ይነሣል። እሱም ተነሣ፣ ጉርሜሳም ተነሣ፣ ዳኛዋም ተነሣች። ሳይነሣ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ አትነሡ!» አሉ አቶ ዋቅጅራ፤ ማንም አልተቀመጠም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛው መጡና ልጃቸውን ሳሙ። «ሹመትህን ልይ ብዬ ነው» አሉት። «ግራንድ ምናምን ሆኛለሁ ስትለኝ ኖረሃል። ሹመቱ ምን ይሆን እያልኩ ከምሞት፣ በዓይኔ ልየው ብዬ መጣሁ።»

«አባዬ፣ ቁጭ ይበሉ፣ እየተጫወትን ነው…»

«ቆይ፣ ሰው ሰላም ልበል እንጂ!» ወደ ወጋየሁ ዞሩና ቀኝ እጁን ያዙት። «አንተ ነህ ወጋየሁ ማለት? ስምህን ስሰማ ስንት ዘመኔ! አካም ጂርታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። እርስዎስ እንደምን አሉ?»

«አለሁ። ልጆች ደህና?»

«ደህና ናቸው።»

«ባለቤትህ?»

«ደህና ናት።»

«ያቺ በጥጥ መኪና የተወለደችው ልጅ አደገች?»

«ሆስፒታል ደርሳ ነው የወለደቻት፣ አባባ። አድጋለች፣ ትምህርት ላይ ናት።»

ሰዓቱ ከግራ ጆሮው በኩል ይሰማዋል። እጁን ግን አይስብም፤ የያዙት እኮ ሽማግሌ ናቸው። ሸዋረገድ ሰዓቱን የማቆም ሥልጣን ነበራት፤ ወደ ሰዓቱም እጇን ልካ ነበር። ይሁን እንጂ አቶ ዋቅጅራ በዚያው ቅጽበት «አንቺስ ልጄ?» ብለው በግራ እጃቸው ያንን እጅ ያዙት። አንዱ እጃቸው ከተጫዋቹ ጋር፣ አንዱ ከዳኛዋ ጋር ሆኖ ሰላምታው ቀጠለ።

«ከብትህስ ደህና ነው?»

«ከብት የለኝም፣ አባባ።»

«ምነው?»

«መካኒሳ ነው የምኖረው። ቦታ የለም።»

«መካኒሳ ቦታ ጠፋ?» አቶ ዋቅጅራ የምር ደነገጡ። «እኔ ሳውቀው እኮ ሜዳ ነበር! ከዚህ እስከ ወንዙ ሣር ነበር! በሬ ለቀን የምናሳድርበት! ማን ጨረሰው?»

ጠቅ አለ።

ድምፁ ትንሽ ነው፤ ወጋየሁ ግን ሰማው። ዞሮ አላየም።

«እንግዲህ ሰው በዛ፣ አባባ» አለ።

«አዎ፣ ሰው በዛ» አሉ ሽማግሌው። በመጨረሻ እጃቸውን ለቀቁ፤ ከልጃቸው በስተኋላ ወንበር ተለቀቀላቸው፣ ተቀመጡ። ቤቱም ተቀመጠ።

ወጋየሁ ሲቀመጥ ሰዓቱን አየ። በእሱ በኩል ባንዲራዋ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። የመጀመሪያ ሐሳቡ፣ ጉርሜሳ ባላየ፣ የሚል ነበር፤ ይህን በማሰቡም ጆሮው ጋለ። ቀና ሲል ጉርሜሳ ባንዲራዋን እያየ ነው። አይቷታል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ቦርዱ መለሰ።

ዳኜም አይቷል። አፉን ሊከፍት ሲል ሸዋረገድ በእስክሪብቶዋ በሩን አመለከተችው፤ ዘጋው።

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። ጉርሜሳ «ወድቋል» ቢል አምስተኛው ዋንጫ የእሱ ነው። ወጋየሁ ቃሏን ጠበቀ፤ አልመጣችም። ስለዚህ እጁን ዘረጋና ወታደሩን ገፋ። ንግሥት ሊሆን አንድ እርምጃ ቀረው። የሰዓቱን ቁልፍ ተጫነ፤ የጉርሜሳ ሰዓት መሄድ ጀመረ።

ጉርሜሳ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ።

መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ እያሰበ መስሎት ነበር። ጉርሜሳ ግን አያስብም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ ያየው ሰው የለም። ቦርዱንም አያይም፤ የሚያየው የሰዓቱን የራሱን ፊት ነው። ዘንጉ ቀስ እያለ ይወጣል። ወጋየሁ ከሁሉ ቀድሞ ገባው። ይህ ሰው መጠየቅ አልፈለገም፤ መሸነፍም አልፈለገም። የራሱ ባንዲራ እስክትወድቅ ነው የሚጠብቀው።

ጨዋታው ይቀጥል እንጂ! አለ በልቡ። ግንብህን አንሣ፣ አንዴ ተጫወት፣ ንግሥቴን ላውጣና ይለቅ! ሊናገረው አፉ ድረስ መጣበት። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ለተጫዋች መናገር አይፈቀድም። ደግሞስ ምን ብሎ ነው የሚናገረው? የእሱ ባንዲራ ወድቃ ተንጠልጥላለች። «ተጫወትልኝ» ብሎ ሊለምነው ነው?

አቶ ዋቅጅራ ግራና ቀኝ አዩ። አንድ ነገር እንዲሆን ሲጠብቁ ቆዩና ምንም ሳይሆን ሲቀር ወደ ልጃቸው ጆሮ ዘንበል አሉ።

«ጉርሜሳ» አሉ፤ እሳቸው በሹክሹክታ መናገራቸው ነው፣ ድምፃቸው ግን መስኮት ላይ ላለው ሁሉ ይሰማል። «እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?»

ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። ሸዋረገድም ፊቷን በወረቀቱ ከለለች። የጉርሜሳ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ እጁን ግን አልፈታም።

ሳቁ ሲበርድ ዘንጉ ባንዲራዋን እያነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያየው ያችን ቀይ ቁራጭ ብቻ ሆነ። ተነሣች፣ ተነሣች፣ ቀጥ ብላ ጋደም አለች፤ ከዚያ ወደቀች።

«ዳኛ» አለ ጉርሜሳ፤ አባቱ ከተቀመጡ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነው። «እስቲ ሰዓቱን እዪልን።»

ሸዋረገድ ተነሥታ ሁለቱንም ፊት አየች። «ሁለቱም ወድቀዋል። እኩል ለእኩል» አለች፤ ጻፈችም።

«እንዴ!» ዳኜ አፍኖ የቆየው ሁሉ ፈነዳ። «የጋሽ ወጋየሁ እኮ ቀድሞ ነው የወደቀው! ሁላችንም አይተናል!»

«ማን ጠየቀኝ፣ አቶ ዳኜ?»

«አልጠየቀም፣ ግን…»

«ካልጠየቀ አልወደቀም። ሕጉን አንብቤ ነው የጀመርኩት።»

ጭብጨባ ተነሣ፤ የሚከራከረው ተከራከረ፤ ዳኜም ነገሩ ከእጁ እንደ ወጣ ሲያይ ወዲያው ሐሳቡን ለወጠና በዚህ ፋብሪካ ታሪክ ሁለት አሸናፊ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ብሎ ንግግር አደረገ። ዋንጫው አንድ ስለሆነ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ሲገባው ለአቶ ዋቅጅራ አስያዛቸው። ሽማግሌው ገልበጥ አድርገው ሥሩን አዩት።

«ሁለቱም ካሸነፉ» አሉ፣ «የተሸነፈው ማነው?»

«ማንም አልተሸነፈም፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

ዳኜ «ኑ፣ ውጭ ለስላሳ አለ» አለና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ግቢው ወሰዳቸው። ሰዉም ተከትሎ እየተንጫጫ ወጣ። ክበቡ ውስጥ ወጋየሁ ከቦርዱ ፊት እንደ ተቀመጠ ቀረ፤ ጉርሜሳ ከወንበሩ ጀርባ ጃኬቱን ለማንሣት ቆሞ፣ ሸዋረገድ ወረቀቷን እያስተካከለች። በቦርዱ ላይ ያሉትን ጥቂት ጠጠሮች ማንም አልነካቸውም።

«ለምን አልጠየቅህም?» አለ ወጋየሁ።

«ምን ብዬ ልጠይቅ?» ጉርሜሳ ሊቀልድ የፈለገ መሰለ፤ ድምፁ ግን አልሆነለትም። «አባቴን ሰላም ሲል ሰዓቱ አለቀበት፣ ዋንጫዬን ስጡኝ ልበል? እሳቸው ፊት?»

«ይሁን። እሱስ ገባኝ።» ወጋየሁ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ያንን ያልመጣለትን ድል ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ አሁን ገና ተሰማው። የመጣለት ግማሽ ነው፤ ግማሹም ቢሆን በሰው ጨዋነት የተሰጠው ነው። ጡረታ የሚወጣው ያንን ግማሽ ይዞ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ጉርሜ። ሰዓቱን ተወው። ቦርዱስ?»

ጉርሜሳ ጃኬቱን በአንድ እጁ እንደ ያዘ ወደ ቦርዱ ጎንበስ አለ። ወታደሩን አየ፣ ከወታደሩ ፊት ያለውን ባዶ ቤት አየ፣ ጥግ የቀረውን የራሱን ንጉሥ አየ። ለአንድ አፍታ ከንፈሩ ሊናገር ተንቀሳቀሰ፤ የሚመጣው እንደ ልማዱ የሻይ ሰዓት ቀልድ ይሆናል ብሎ ወጋየሁ ጠበቀ።

ጉርሜሳ ግን ጣቱን ዘርግቶ የገዛ ንጉሡን ገፋ አደረገና ቦርዱ ላይ አጋደመው። ቼዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ምልክት አይስተውም፤ ረትተኸኛል ማለት ነው። ሸዋረገድ ቀና ብላ አይታው ነበር። ወረቀቷ ላይ ግን ምንም አልጨመረችም።

ወጋየሁ ከወደቀው ንጉሥ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ሊያመሰግነው አፉን ሲከፍት፣ ጉርሜሳ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ደህና ዋሉም ሳይል፣ በተከፈተው በር ወጥቶ ሄዶ ነበር።